የመጨረሻው ወንበር የማን ነው?

ፍልስፍና ብዙ ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይመስለናል። ወፍራም መጽሐፍ ካልተገለጠ፣ የግሪክ ስም ካልተጠራ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ካልተከራከርን የተጀመረ አይመስለንም። ዳሩ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ በየቀኑ ከሚፈላባቸው ቦታዎች አንዱ የሮቤ መናኸሪያ ነው፤ ያውም በመስከረም መጨረሻ ዓርብ ንጋት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ። በዚህ ጽሑፍ ተራ የሚመስል አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣለን። ሕዝብ በሚተራመስበት ሰሞን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቢቀር፣ ያ ወንበር የማን ነው?

አገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ በመጀመሪያ ሁኔታውን እናስረዳ። ከአጋርፋ የሚነሣ የኮሌጅ ተማሪ በቀጥታ የሚሄድ መኪና ካገኘ እሰየው ነው፤ ካላገኘ ሮቤ ይወርዳል። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ዲንሾን፣ አዳባንና ዶዶላን አልፎ የአርሲን መንገድ ከያዘ በበቆጂና በአሰላ አድርጎ አዳማ ይወጣል፤ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ረጅም መንገድ ስለሆነ መኪናው ሳይነጋ ይነሣል፤ ሳይነጋ ስለሚነሣም የሩቅ ሰው ከዋዜማው መጥቶ አልጋ ይይዛል፣ ወይም ዘመድ ቤት ያድራል፣ ሁለቱም ከሌለው በሮቤ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ መናኸሪያው በር ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚህ መስመር ላይ ወንበር ማጣት ማለት አንድ ሰዓት ማጣት ማለት አይደለም። አንድ ቀን፣ አንድ የአልጋ ኪራይ፣ አንዳንዴም የተሄደበትን ጉዳይ ራሱን ማጣት ነው።

ሰሞኑም ክፉ ሰሞን ነው። መስከረም 17 መስቀል ነው። ቀጥሎ ኢሬቻ ይመጣል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሑድ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ መከበር ይዟል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው፣ ልብስና ደብተር የሚገዛው፣ ያልተቋጨ ወረቀት የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። ለአረፋ ደግሞ ጉዞው ይገለበጥና ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩም ከየአቅጣጫው የተመደበ ሁሉ በዚያው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሻንጣውን ይዞ እንዲደርስ ይታዘዛል። አገሩ ሰፊ፣ ቀኑ ጠባብ፣ መኪናው ያው የትናንቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር ልብ እንበል። የሕዝብ ማመላለሻ ዋጋ በታሪፍ የተወሰነ ነው። ጎመንና ሽንኩርት ሲወደድ ዋጋው ይንርና ገዢው ይቀንሳል፤ የአውቶቡስ ወንበር ግን በሕግ አይንርም። ታዲያ ፈላጊው መቶ፣ ወንበሩ አምሳ በሆነበት ቀን ምን ይሆናል? ወንበሩ በዋጋ ካልታደለ በሌላ ነገር መታደሉ አይቀርም። በተራ፣ በዝምድና፣ በእጅ መንሻ ወይም በጉልበት። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይታደል ወይስ አይታደል?» የሚል አይደለም፤ «በምን ይታደል?» የሚል ነው።

አራት ሰዎች በዚያች በአንዲቷ ወንበር ፊት እናቁም። ሰዎቹ የእኛ ፈጠራ ናቸው፤ ቢሆንም በመናኸሪያ ያለፈ ሁሉ ያውቃቸዋል።

የመጀመሪያው አንድ ገበሬ ናቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመዋል። ከሁሉ በፊት መጥተዋል፤ ሌላ ክርክር የላቸውም። ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ረዳቱን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «የታሪፉን እጥፍ ልስጥህ፣ ብቻ አስገባኝ» ይለዋል። ሦስተኛዋ እናት ናቸው። ከሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ልጅ አቅፈዋል፤ ሰኞ ጧት ጥቁር አንበሳ መድረስ አለባቸው። አራተኛዋ የኮሌጅ ተማሪ ናት። አባቷ ከትናንት ወዲያ ስልክ ደውለው፣ «ልጄ ነች፣ አደራ፣ አንድ ቦታ ያዝልኝ» ብለዋል። ትኬት ቆራጩ የአብሮ አደጋቸው ልጅ ነው።

የነጋዴው ነገር አያስቸግረንም። ገንዘቡ ለመኪናው ባለቤት አይደርስም፣ ለመንገዱ ጥገናም አይውልም፤ በረዳቱ ኪስ ይቀራል። ነገ ረዳቱ ያቺን ወንበር እጥፍ የሚከፍል እስኪመጣ ድረስ ደብቆ ይይዛታል፤ «ሞልቷል» የሚለው ቃልም ትርጉሙን ያጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመት የሌለውን የመኪና ረዳት ሳይቀር የሚያባልገው በዚህ መንገድ ነው።

የሚያስቸግረን የተማሪዋ አባት ጉዳይ ነው። ምክንያቱም አባትየው ጉቦ አልሰጡም። ያደረጉት ነገር ከፍቅር የመጣ ነው። ማን ይፈርድባቸዋል? «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚል ሕዝብ ልጆች አይደለንም እንዴ? እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነን እንከራከር።

አባትየው እንዲህ ይላሉ፦ «ልጄ የ19 ዓመት ልጅ ነች። የጧቱ መኪና ካመለጣት በቁርጥራጭ መንገድ፣ ከሚኒባስ ሚኒባስ እየቀየረች አዲስ አበባ የምትደርሰው ከመሸ ነው። የአዲስ አበባን መናኸሪያ በሌሊት፣ በበዓል ዋዜማ፣ አገሩን ለማታውቅ ልጅ አስቡት እንጂ! ሰው የበዛበት ቦታም እንዲያው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን በቢሾፍቱ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው መተፋፈግ መንግሥት ያመነው ብቻ ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ በዚያ ሰሞን ልጁ መንገድ ላይ ስትሆን እንቅልፍ አይወስደውም። ገበሬው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ነገም ይሄዳሉ። ተራ ተራ ትሉኛላችሁ፤ ተራ የሁሉንም ሰው አደጋ እኩል ያደርገዋል ወይ?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ተራ ሁሉንም እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል፤ ሰዎቹ ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይጓዙም። ለወንድ ተማሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት መድረስ ድካም ነው፤ ለሴት ተማሪ ስጋት ነው። ተራው ይህን አያይም። ስለዚህ «ተራ ይከበር» ብሎ መጮህ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም።

የጥንት ሰዎችም ከዚህ የከፋውን አንስተው ተከራክረዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ካርኔአዴስ ያነሣው ነው የሚባል አንድ ጥያቄ አለ። መርከብ ሰጥሞ ሁለት ሰዎች ባሕር ላይ ቀርተዋል፤ ያለው ሳንቃ አንድ ነው፣ የሚሸከመውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ብርቱው ደካማውን ገፍቶ ሳንቃውን ቢይዝ ምን እንበለው? ጻድቅ ሆኖ ቢሰጥም ሞኝ ነው፣ ብልህ ሆኖ ቢተርፍ ግፈኛ ነው። ጥያቄው እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤት ይነሣል። የእኛ መናኸሪያ ግን ከዚያ ባሕር በአንድ ነገር ይለያል፤ ሰዎቹ መነጋገር ይችላሉ። ባሕር ላይ ጊዜ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ጎረቤት የለም። መናኸሪያ ላይ ግን ጊዜም ሰውም አለ፤ እንዲያውም የበዛው ሰው ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከዚህ ይመስለናል። ጀርመናዊው ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት አንድ መመዘኛ ሰጥቷል፤ የሌላውን ሰው መብት የሚነካ ድርጊት፣ ምክንያቱን በአደባባይ ብናገረው ይፈርሳል የሚያሰኝ ከሆነ፣ ያ ድርጊት ግፍ ነው ይላል። ሐሳቡ ስለ መንግሥታት የተጻፈ ቢሆንም ለመናኸሪያም ልክ ነው። በእኛ ቋንቋ እንዲህ እንበለው፦ በሰልፉ ፊት ቆመህ ጮክ ብለህ ልትናገረው የምትችለው ነገር ችግር ነው፤ በጆሮ ሹክ ካልተባለ የማይሠራው ነገር ግን ጥቅም ነው።

አራቱን ሰዎች በዚህ ሚዛን እንመዝን። እናትየዋ፣ «ጌቶች፣ ልጄ ታሞብኝ ነው፣ ሪፈሩ ይኸውና» ብለው ለሰልፉ ቢናገሩ ምን ይከተላል? አገራችንን የምናውቅ ሁሉ መልሱን እናውቃለን። «ይግቡ እንጂ እናቴ!» ይባላል። ገበሬው ራሳቸው ዕቃቸውን ያነሡላቸዋል። ነጋዴው፣ «ብር ስላለኝ ልግባ» ቢል ይሳቅበታል፣ ወይም ይሰደባል። የተማሪዋ አባትስ? «ትኬት ቆራጩን ስለማውቀው ልጄ ትግባ» ብለው ጮክ ሊሉ አይችሉም። ነገር ግን፣ «ልጄ ብቻዋን ናት፣ ከመሸ የምትደርስበት የላትም» ብለው ጮክ ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱን ልብ እንበል። ሁለት ምክንያት ነበራቸው፤ አንዱ እውነተኛ ችግር፣ ሁለተኛው ትውውቅ። ስልኩ ሲደወል የተናገረው ትውውቁ ብቻ ነው፤ ችግሩ አፉን አልከፈተም። ከዚህም የተነሣ፣ ችግሯ የባሰ ነገር ግን ስልክ የሚደውልላት አባት የሌላት ሌላ ልጅ ከሰልፉ ጅራት ቀረች። የዘመድ ስልክ ክፋቱ የእኛን ልጅ ማገዙ አይደለም፤ እሷን እየረዳን የምንጎዳውን ሰው ፊት እንዳናይ ማድረጉ ነው።

«ሁሉ ችግር በአደባባይ ይነገራል ወይ?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ አይነገርም። የሴት ልጅ ሕመም አለ፣ የቤት ገመና አለ፣ የሐዘን መርዶ አለ። ሰው ተሰልፎ ገመናውን እንዲዘረግፍ ማስገደድ ሌላ ግፍ ነው። ነገር ግን በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። ከሰልፉ መካከል ላሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ችግርን ማዋየት፣ እሳቸውም «ይህች ልጅ ትግባ፣ ምክንያቷን እኔ ሰምቻለሁ» እንዲሉ ማድረግ አለ። ይህ ሚስጥርን ይጠብቃል፣ ምስክርን ግን አያስቀርም። ለትኬት ቆራጩ የሚደወለው ስልክ ግን ሚስጥርም የለው፣ ምስክርም የለው።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ብቻ እንዳይመስለን። ወፍጮ ቤት ሄደን እንይ። እህል የጫነ ሁሉ ከረጢቱን በተራ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ጥላ ሥር ቢቀመጥም ከረጢቱ ተራውን ይጠብቅለታል። አራስ ቤቷ ያለች ሴት ወይም ለቅሶ ቤት የሚፈጭ ሰው ሲመጣ ግን ሰዎቹ ከረጢታቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ዕቁብንም እንይ። ዕጣ ለሁሉ እኩል ይወጣል፤ ማንም በማዕረጉ አይቀድምም። ነገር ግን አንዱ ዕቁብተኛ ችግር ሲደርስበት ለማኅበሩ ይናገራል፣ ዕጣ የወጣለትም «የኔን ይውሰድ» ሊለው ይችላል። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። እዚያ የሚታየው ማን ቀድሞ መጣ ሳይሆን ማን ወደቀ ነው።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይወጣል። መነሻው እኩልነት ነው፤ ተራ ወይም ዕጣ። በላዩ ላይ ለችግር የሚከፈት በር አለ። በሩን የሚከፍተው ግን ተራው የደረሰው ሰው ነው እንጂ በር ጠባቂው አይደለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ገበሬው ወንበራቸውን ለእናትየዋ ቢለቁ ቸርነት ነው፤ ትኬት ቆራጩ የገበሬውን ወንበር ለወዳጁ ልጅ ቢሰጥ ስርቆት ነው። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ ልዩነቱ የሰጠው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ከራስ መስጠትና ከሰው ወስዶ መስጠት በአንድ ስም «እገዛ» እየተባሉ ኖረዋል። ስማቸውን መለየት አለብን።

ታዲያ አባትየው ለልጃቸው ምንም አያድርጉ ማለታችን ነው? በፍጹም። ከራሳቸው የሚሰጡት ብዙ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ሊሰለፉላት ይችላሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ትኬት ሊያስቆርጡላት ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከመናኸሪያው እንዲቀበላት ሊነግሩ ይችላሉ፤ ስልኩ ለዚህ ቢደወል የተባረከ ስልክ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብላ ሐሙስ እንድትነሣ የአልጋዋን ሊከፍሉላት ይችላሉ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ ይሁን፣ ለልጃቸው ከራሳቸው እንጀራ የፈለጉትን ያህል ይቁረሱላት። ከጎረቤት መሶብ ግን አይቁረሱ።

አሁን አንድ ጓደኛችን ከወንበሩ ተነሥቶ ይቃወመናል። «ይሄ ሁሉ ስብከት ምን ያደርጋል?» ይላል። «ችግሩ የአውቶቡስ እጥረት ነው። አውቶቡስ ይጨመር፣ ጥያቄያችሁ በማግሥቱ ይሞታል። እጥረትን የፈጠረውን ትታችሁ በእጥረት ውስጥ የሚጋፋውን ድሃ ታስተምራላችሁ።» ግማሹ እውነት ነው። መንግሥት ሲፈልግ መኪና ይገኛል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ለዕድገት በሕብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተሠማርቷል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር በመቶ ሺሆች የሚቆጠሩ ተፈታኞች ተጓጉዘዋል። ስለዚህ የበዓል ሰሞን እጥረት የተፈጥሮ ቁጣ አይደለም፤ ያልታሰበበት ነገር ነው፤ «ይታሰብበት» ማለትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ያለው አውቶቡስ ይሄ አንዱ ነው። የነገው አውቶቡስ የዛሬውን ወንበር አያድልም። ደግሞም ትኬት በስልክ መቁረጥ፣ በቴሌብር መክፈል ሲስፋፋ ጥያቄው አይሞትም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ያን ጊዜ ገበሬው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሰለፉም ወንበሩ ከዋዜማው ጀምሮ በስልክ ያለቀ ይሆናል። ዘዴው ሲለወጥ የሚገፋው ሰው ይለወጥ ይሆናል፣ መገፋት ግን አይቀርም።

በመጨረሻ ጥያቄው ወደ እኛው ወደ ተማሪዎቹ ይመጣል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ መፍትሔ ሆኖ የሚታያቸው ኩንትራት ነው፤ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሙሉ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ስም ይመዘገባል፣ ማንም አይጋፋም። ሲያዩት የኅብረት ሥራ ነው፣ ያምራልም። ነገር ግን ያ አውቶቡስ ከየት መጣ? ከመስመሩ ላይ ተነሥቶ ከሆነ፣ የበዓል ዓርብ ዕለት አምሳ ወንበር ከሰልፉ ፊት ወስደን ሄደናል ማለት ነው። አባትየው ለአንዲት ልጃቸው ያደረጉትን እኛ ለአምሳችን አደረግነው። ቁጥር ስለበዛ ግፍ ጽድቅ አይሆንም። «እኛ» የሚለው ቃል ከ«እኔ» ይሰፋል፤ ግን እሱም አጥር አለው፣ ገበሬው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል።

ኩንትራትን ጨርሶ አንቃወምም። ጊዜው ሲለወጥ ነገሩም ይለወጣል። ተማሪዎች ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ መናኸሪያው ባልተጨናነቀበት ቀን ኩንትራት ቢይዙ የዓርቡን ሰልፍ በአምሳ ሰው ያቀሉታል። ያን ጊዜ የእኛ ኅብረት ለሌላውም ኅብረት ይሆናል። ባዶ ወንበር ቢተርፍ፣ ከመናኸሪያው በር ላይ ችግር ያለበትን አንድ ሰው በታሪፉ መጫን ይቻላል። በአውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ከአዳባና ከዶዶላ የመጣ፣ ቤቱ ቅርብ የሆነ ተማሪ ወንበሩን ለሩቅ ተጓዥ ለቆ እሱ በማግሥቱ ቢሄድ፣ ከራስ የመስጠት ትምህርት እዚያው ይጀምራል። ይህን ለማድረግ ማንም ሚኒስትር ደብዳቤ እስኪጽፍልን መጠበቅ የለብንም።

እንግዲህ «የመጨረሻው ወንበር የማን ነው?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። ወንበሩ ተራው የደረሰው ሰው ነው፤ የገበሬው ነው። የእናትየዋ የሚሆነው ገበሬው ሲሰጡ ነው፤ እንደሚሰጡም አንጠራጠርም። የተማሪዋም ሊሆን ይችላል፣ ችግሯ በሰው ፊት ተነግሮ ተራ የደረሰው ሰው ከለቀቀላት። በስልክ የመጣ ከሆነ ግን የእሷ አይደለም፤ ብትቀመጥበትም፣ አዲስ አበባ ብትደርስበትም የእሷ አይደለም። ነገሩ ክፉ የሚሆነው ደግሞ፣ በምቾት ተቀምጣ በበቆጂ በኩል ስታልፍ በሮቤ ብርድ ማን እንደቀረ ስለማታውቅ ነው። የተማረ ሰው ሊያውቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ እኔ የተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ማን ሊቀመጥ ነበር? አንባብያን የተለየ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉልን፤ ጥያቄው ክፍት ነው፣ በዓሉም ደርሷል።